ለተቃራኒው ወገን

የሥራ ባልደረቦቿ «ነጥብ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የመገጣጠሚያ ክፍል ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው «ሙቀቱ ሠላሳ ስድስት ነው» ካለ፣ እሷ ከክፍሉ ማዶ ሆናም ቢሆን «ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስንት?» ሳትል አታልፍም። መሐንዲስ ናት። የምትሠራበት ድርጅት ጊዜያቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ጨቅላዎች ማሞቂያ ሣጥን ያመርታል፤ የእሷ ሥራ ሣጥኖቹ ወደየሆስፒታሉ ከመጫናቸው በፊት መፈተሽ ነው። ሥራዋን ትወዳለች። የማትወደው ስለ ሥራዋ ማውራት ነው።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ከነከናት። በሣጥኑ ጎን ነርሶች እጃቸውን የሚያስገቡባት ክብ በር አለች። በሯ ስትከፈት ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ስትዘጋ ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል። እዚህ ድረስ ደህና ነው። ችግሩ፣ ስክሪኑ ሙቀቱ ተመልሷል እያለ፣ እሷ ፍራሹ ላይ ያስቀመጠችው ቴርሞሜትር ግን ገና አልሞቀም ይል ነበር። ነርሷ ስክሪኑን አይታ ልቧ ረግቶ ወደ ሌላው አልጋ ትሄዳለች፤ ሕፃኑ ግን በርዶታል። ደጋግማ ለካችው፤ ያው ነው። ሌላ ሣጥን አስመጥታ ሞከረች፤ ያው ነው።

ይህንኑ ይዛ ሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ቀረበች። ኃላፊዋ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዕድሜያቸውን በዚሁ ሙያ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዳምጧት ጀመር። እሷም ከሥር ከመሠረቱ ተነሣች። ምን ዓይነት ቴርሞሜትር እንደተጠቀመች፣ ቴርሞሜትሩን እንዴት እንዳመሳከረችው፣ ቀጥሎ አንደኛውን ግራፍ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ግራፍ ላይ ስትደርስ የሽያጭ ክፍሉ ሰው ከጠረጴዛው ሥር ስልኩን ይነካካ ነበር። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ።

«እሺ፣ ገባኝ» አሉ አቋርጠው። «ታዲያ ምን እናድርግ ነው የምትይው?»

«ነገሩ መታየት አለበት» አለች።

ኃላፊው ሣጥኖቹ የታዘዘውን ፈተና ሁሉ ማለፋቸውን፣ አንድም ሆስፒታል አለማማረሩን ነገሯት። ሌላም ጨመሩ፤ እሷ ግን ያን ጊዜ አልሰማችውም፤ አእምሮዋ የሚቀጥለውን መልሷን እያዘጋጀ ነበርና። አፋቸውን ሳይዘጉ «ግራፉ ላይ እኮ በግልጽ ይታያል!» አለች። ያለችውን ደግማ አለችው፣ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች።

«ይታያል» አሉ ኃላፊው። በዚያ መሥሪያ ቤት «ይታያል» ማለት ተቀበረ ማለት ነው። ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ቤቷ የገባችው ፊቷ ልውጥውጥ ብሎ ነው። ባሏ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቋንቋ መምህር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ አገኘችው። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ ቆማ ጀመረች፦ ሰው ማስረጃ ዓይኑ ሥር እየተቀመጠለት እንዴት አላይም ይላል፤ ትምህርት ቤት የሄዱት ለምንድነው፤ ስልክ ሲነካኩ ሊውሉ ከሆነ ስብሰባ ለምን ይጠራል። ባሏ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሁሉንም ሰማት። ከዚያ ጠየቃት።

«ኃላፊሽ ምን ብለው ነው እንቢ ያሉት?»

«የማይረባ ነገር።»

«እስቲ የማይረባውን ንገሪኝ።»

ፈተናውን አልፈዋል የሚለው ትዝ አላት። ሌላ ያሉት ነገር እንደነበረ ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ ግን ብትል ብትሠራ አልመጣላትም። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

«አንተ ደግሞ እዚህም ዳኛ ልትሆንብኝ ነው» አለችና እራት ለማሞቅ ገባች። የድስቶቹ ኮሽታ ለጎረቤት ሳይተርፍ አልቀረም።

ዳኛ ያለችው በምክንያት ነው። ባሏ በትምህርት ቤቱ የክርክር ክበብ ያስተባብራል። እሷ ክበቡን «የአፍ ስፖርት» ትለዋለች። ተማሪዎቹ በዕጣ ወገን ይደርሳቸዋል፤ አንዱ ደጋፊ ይሆናል፣ ሌላው ተቃዋሚ፤ የሚያምኑበት ሆነ አልሆነ ደንታ የለም። በእሷ ቤት ሰው የማያምንበትን ነገር ሽንጡን ገትሮ እንዲከራከር ማስተማር ልጅን ውሸት ማለማመድ ነው። እሷ በልጅነቷ ከመምህሯ ጋር እንኳ የተነጋገረችው በሒሳብ ነው፤ መልሱ ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት፤ አለቀ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ግን ባሏ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ውድድር ነበራቸውና ዳኛ ሊሆኑ ቃል የገቡት መምህርት ታመሙ። ርዕሱ የቴክኖሎጂ ነው፣ አንቺ ደግሞ ከእኛ ይበልጥ ታውቂያለሽ፣ ተቀምጠሽ ማዳመጥ ብቻ ነው ብሎ ለመናት። እንዳኮረፈች ናት፤ ቢሆንም ሄደች።

ክርክሩ የተካሄደው ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ በተገፉበት የመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ርዕሱ ከተማዋ ሾፌር የሌለው አውቶቡስ ማስገባት አለባት የለባትም የሚል ነበር። ከባሏ ተማሪዎች መካከል አንዲት ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ልጅ ነበረች፤ ጓደኞቿ «ግን» ይሏታል። አረፍተ ነገሯን ሁሉ የምትጀምረው በ«ግን» ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሾፌር አልባ አውቶቡስ አደጋ ነው ስትል ከርማ፣ ዕጣው ደጋፊ ሲያደርጋት ፊቷ ጥቁር ሲል ነጥብ አይታለች። ልጅቷ ግን ተነሥታ ለአውቶቡሱ እንደ ገዛ ወንድሟ ቆመችለት።

ነጥብ ለተቃዋሚዎቹ ፈረደች። ብዙም አላሰበችበትም። እሷ ራሷ እንዲህ ዓይነት አውቶቡስ ላይ አትወጣም፤ ምን ዓይነት ሴንሰር እንዳለው ታውቃለችና።

ልጅቷ እጇን አወጣች። «ግን በየትኛው ነጥብ ነው የተሸነፍነው?»

«የእነሱ የበለጠ አሳማኝ ነበር።»

«ግን ምናቸው? ዝናብ ሲዘንብ ካሜራው አያይም ላሉት መልስ ሰጥተናል። መልሳችን ጎደሎ ከሆነ ምኑ ነው የጎደለው?»

ነጥብ ፊቷ ያለውን ወረቀት አየች። የተቃዋሚዎቹ ንግግር በሙሉ ተጽፏል። በደጋፊዎቹ በኩል ያለው ግማሽ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ዝናብ የሰጡትን መልስ አልጻፈችውም፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር አልሰማችውም። «በአጠቃላይ ሲታይ...» አለችና እዚያው ላይ ቀረች። ባሏን አየችው። ባሏ ጣሪያውን እያየ ነበር። እንዲያግዛት ፈልጋ ነበር፤ ግን አላገዛትም።

መኪናው ቤታቸው በር ላይ ሲቆም ነው የተናገረችው።

«ጉድ ሠራኸኝ።»

«ምን አደረግሁሽ?»

«ዝም አልክ።»

«ዳኛዋ አንቺ ነሽ» አለ በለሆሳስ። «ምክንያቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ምን ልበል?»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ሰኞ ለኃላፊዋ ደብዳቤ ጻፈች። ግራፎቹን በሙሉ አያይዛ፣ ማስጠንቀቂያ በሚመስል ቋንቋ። መልስ አልመጣም። ረቡዕ ኮሪደር ላይ ስታገኛቸው ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ገና አንብበው አለመጨረሳቸውን ነግረዋት፣ ትከሻዋን መታ አድርገው አለፉ። በዚያው ቀን ጫኞቹ ሣጥኖቹን በካርቶን ማሸግ ጀመሩ። የማሸጊያው ፕላስተር እየተጎተተ ሲንጫረር የሚያፌዝባት መሰላት። የሙከራ ክፍሉን በር ዘግታ ብቻዋን ተሳደበች። ማንን እንደምትሳደብ በውል አታውቅም። ኃላፊዋን፣ ራሷን፣ ያቺን መነጽራም ልጅ፣ ሁሉንም።

ማታ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጆችህን ላናግራቸው» አለች። «የእኔን ጉዳይ ይከራከሩበት።»

ባሏ ሊስቅ ፈልጎ ዋጠው። «አንቺን ደግፈው አይሆንም» አለ። «የኃላፊሽን ወገን ነው የሚይዙት። ትችያለሽ?»

«ሕፃናት አያሸንፉኝም።»

«እሱን እናያለን።»

በማግስቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክበቡ በሚሰበሰብበት ክፍል የሣጥኑን ንድፍ ሰሌዳው ላይ ሣለች። ሁሉንም ነገር አስረዳቻቸው። ልጆቹም የኃላፊው ጠበቆች ሆነው ተነሡባት። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል መሰላት። አንዱ ነርሶች ድሮስ መቼ ስክሪን ያያሉ አለ፤ ዘጋችው። ሌላው ሕፃኑን ኮፍያና ካልሲ ማልበስ ነው አለ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ እሷም ትንሽ ሳቀች። ከዚያ አንድ ረጋ ያለ ልጅ ሣጥኖቹ ካልተላኩ ሕፃናቱ እስከዚያ የት ይተኛሉ ብሎ ጠየቃት።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ኃላፊዋ በስብሰባው ላይ ያሉት፣ እሷ ያልሰማችው ነገር ይሄ ነበር። በየሆስፒታሉ ሣጥን ስላነሰ ሁለት ጨቅላ አንድ ላይ የሚያስተኙ አሉ ብለው ነበር፤ እኔ ምን ብዬ ላስቁም ብለውም ነበር። ይሄ የማይረባ ነገር አይደለም።

«ግን» አለች መነጽራሟ ልጅ፣ ሌሎቹ ሲወዛገቡ ስታዳምጥ ቆይታ። «ግን ሣጥኑን ሲለኩት የት ነበር የቆመው?»

«የሙከራ ክፍላችን ውስጥ።»

«ግን ሁሉንም እዚያው ቦታ ላይ?»

«አዎ፣ አንድ ጠረጴዛ ነው ያለን።»

«ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ምን አለ? ከላይ፣ ከጎን። እኔ ኃላፊው ብሆን የምጠይቀው ይሄንን ነው። ቀዝቃዛው ከሣጥኑ ነው የመጣው ወይስ ከክፍሉ?»

ነጥብ ልትመልስ ጀመረችና ቆመች። ጠረጴዛው የት እንደተቀመጠ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ከበላዩ የአየር ማቀዝቀዣው አለ። ንፋሱ የሚወርደው ቀጥታ ሣጥኖቹ ላይ፣ በዚያች በተከፈተች ክብ በር በኩል ነው። በየቀኑ ትከሻዋ ላይ ሻርፕ ጣል የምታደርገው በዚሁ ንፋስ ምክንያት ነው፤ ግን አንድም ቀን ከልኬቷ ጋር አገናኝታው አታውቅም።

ልጅቷ ደንግጣ መምህሯን አየች፤ ያጠፋች መስሏት ነው።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ነጥብ።

ያን ምሽት ከባሏ ጋር አልተኮራረፈችም፤ የተኮራረፈችው ከራሷ ጋር ነው። ስንት ዓመት ተምራ፣ ስንት ዓመት ሠርታ! ባሏ ሊያጽናናት ሞከረ። እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት የእውቀት ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ሰው የራሱን ሐሳብ ሲወድ ከጀርባው ዞሮ እንደማያየው፣ ልጆቹን በዕጣ ወዲያና ወዲህ የሚያዟዙራቸውም ለዚሁ እንደሆነ ነገራት። «ውሸት እያስተማርኳቸው አይደለም፤ በገዛ ራሳቸው ላይ ጥያቄ እንዲያነሡ ነው» አላት።

«አሁን አስተማሪ አትሁንብኝ» አለችው። ግን እንደ ሰሞኑ ድስት አላንኳኳችም።

ጠዋት የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፍታ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ አስገፋች። ሁሉንም እንደገና ለካች። ልዩነቱ ጨርሶ ቢጠፋ ምን ይውጣታል? የመጀመሪያው ሣጥን ላይ ጠፋ። ስክሪኑና ፍራሹ አንድ ላይ ሞቁ። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ተቀመጠች። ለመላው መሥሪያ ቤት ሣጥኖቻችሁ ሁሉ የተበላሹ ናቸው ብላ ስትጮህ እንደሰነበተች አሰበች፤ ጆሮዎቿ ጋሉ።

ሦስተኛው ሣጥን ግን እንቢ አለ። ንፋስ የለም፣ ምንም የለም፤ ስክሪኑ ሞቋል ይላል፣ ፍራሹ አልሞቀም። አራተኛውም ያው። ጎንበስ ብላ የሁለቱን ዓይነት ሣጥኖች ውስጥ በባትሪ አየች። እንቢ ያሉት በቅርቡ የተሠሩት አዲሶቹ ናቸው፤ እነሱ ላይ ሙቀቱን የሚለካውን ሴንሰር የሚይዘው ብረት ተቀይሯል። ቀደም ብለው በተሠሩት፣ በአሮጌዎቹ፣ ሴንሰሩ ከሕፃኑ በላይ ነው፤ በአዲሶቹ ወደ ማሞቂያው ተጠግቷል። ማሞቂያው አጠገብ ስላለ ቀድሞ ይሞቅና ለስክሪኑ ሁሉ ሰላም ነው ይለዋል። በፊት ያላየችው፣ ንፋሱ ሁሉንም ሣጥን አንድ አድርጎ ስላቀዘቀዘባት ነው።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷን የተሰማት ግን ንዴት ነው፤ ይሄ ሁሉ ቀን አጠገቧ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ግራፍ አላቀረበችም። ቆመችና ወደ ኃላፊዋ ዞረች።

«ባለፈው እርስዎ ያሉትን ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ» አለች። «ሣጥኖቹ ፈተናውን አልፈዋል። ሆስፒታሎቹ አላማረሩም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብናዘገያቸው ሣጥን አጥተው የሚጎዱ ሕፃናት አሉ፤ ስለዚህ ለማስቆም ከባድ ምክንያት ያስፈልጋል። ያሉት ይሄን ነው?»

ኃላፊው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ወጥመድ የሸተታቸው መሰሉ። «አዎ፣ ይሄን ነው» አሉ በጥንቃቄ።

«ሦስቱም እውነት ነው። እኔ ደግሞ ከለካሁት ግማሹ ስሕተት ነበር፤ የክፍላችን ንፋስ ነው ያሳሳተኝ።»

የሽያጭ ክፍሉ ሰው ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ አንጀቷን ቢያሳርረውም አላቆመችም። ንፋሱ ከጠፋ በኋላ አሮጌዎቹ ሣጥኖች ደህና መሆናቸውን፣ አዲሱ ብረት ያላቸው ግን አሁንም እንደሚዋሹ፣ ፈተናው በሩን ዘግቶ ስለሚደረግ ይህን ሊይዘው እንደማይችል ነገረቻቸው። ቀጥላም ምን መደረግ እንዳለበት ተናገረች፦ አሮጌዎቹ ዛሬውኑ ይሂዱ፤ ሆስፒታሎቹ አይጠብቁ። አዲሶቹ ብቻ ይቅሩና ብረቱ ወደ ድሮው ይመለስ። የመገጣጠሚያ ክፍሉን አነጋግራለች፤ ሥራው ከባድ አይደለም።

ኃላፊው ማስታወሻቸውን ገለጡ። ከዚያ ጥያቄ ያዘንቡባት ጀመር። ብረቱ ለምን እንደተቀየረ ታውቂያለሽ? ታውቃለች፤ ለጽዳት እንዲመች ነው። ሲመለስ ጽዳቱ ምን ይሆናል? እሱንም ጠይቃለች። ክፍሉ በጣም ሞቃት የሆነ ሆስፒታል ውስጥስ ልዩነቱ ይኖራል?

ነጥብ እዚህ ላይ የድሮዋ ብትሆን የመጣላትን ትመልስ ነበር። «አላውቅም» አለች። «አልለካሁትም። ነገ እለካዋለሁ።»

የሚገርመው፣ ኃላፊው የተረጋጉት በዚህ መልስ ነው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና አሮጌዎቹ እንዲጫኑ፣ አዲሶቹ እንዲቆዩ አዘዙ። ሰው ሁሉ ሲነሣ ወደ እሷ ጠጋ ብለው «ከመጀመሪያው እንዲህ ብትይ ኖሮ ምን ነበረበት?» አሏት።

ይህች ቃል ለቀናት አልለቀቀቻትም። እውነት ናት፤ ግን ደግሞ ፍትሕ የላትም። ከመጀመሪያውም እውነቱ ውስጡ ነበር፤ ማዳመጥ የእሳቸውም ሥራ አልነበረም ወይ? በኋላ ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርት ላይ ጉድለቱን «ክፍላችን ደረሰበት» ተብሎ መጻፉን ስታይ ጥርሷን ነክሳ አለፈችው። ብረቱ ተመለሰ፤ ሣጥኖቹ ሄዱ። አመሰግናለሁ ያላት የለም።

ያ ሁሉ በሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባሏ ከትምህርት ቤት ትከሻው ወርዶ መጣ። ርዕሰ መምህሩ የክበቡን ሰዓት ለሒሳብ ማጠናከሪያ ሊሰጡት ነው። ወላጆች ልጆቻችን ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡልን እንፈልጋለን፣ ወሬ ምን ይሠራላቸዋል ብለው አመልክተዋል። ሐሙስ ስብሰባ ተጠርቷል።

«እኔም እመጣለሁ» አለች።

«የተማሪ ወላጅ አይደለሽም እኮ።»

«የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሰው ነኝ።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዕድል ሲሰጣት አሁንም ከሌላው ወገን ጀመረች። የመግቢያ ፈተናው ከባድ መሆኑን፣ አንድ ሰዓት ሒሳብ ብዙ ሊያደርግ እንደሚችል፣ ወላጅ ለልጁ ቢሰጋ እንደማይፈረድበት ተናገረች። ሰዎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁላት። ከዚያ ስለ ሣጥኑ ነገረቻቸው። ሒሳቡን አንድም ቦታ እንዳልሳተች፣ የሳተችው ጥያቄውን እንደሆነ፣ ያንን ጥያቄ የጠየቀቻት ደግሞ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ እንደሆነች አስረዳች። ለራሷ እንኳ እስኪገርማት ድረስ ጥሩ አድርጋ ተናገረች።

ተሸነፈች። ርዕሰ መምህሩ ንግግሯ ልብ የሚነካ እንደነበር ገለጹና አመሰገኗት፤ እጅ ይውጣ ሲባል ግን ለማጠናከሪያው የወጣው እጅ ደን መሰለ። ክበቡ ከፈለገ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ወላጅ ለፈቀደለት ብቻ ተባለ። ነጥብ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ትክክል ሆና ተሸንፋ አታውቅም። ወይም እንደዚያ መሰላት።

በሩ ላይ አንድ ሰው አስቆማት። የመነጽራሟ ልጅ አባት ነው፤ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ። እሱም እጁን ለሒሳብ ካወጡት አንዱ እንደነበረ አይታዋለች።

«ልጄ ሐኪም ነው የምትሆነው» አላት። «ጠበቃ እንድትሆን አልፈልግም።»

«ሐኪም ከሆነች ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋታል» አለችና ለምን እንደሆነ ልትዘረዝር አፏን ከፈተች፤ ሐሳቧን ቀይራ ጠየቀችው። «እርስዎ የሚፈሩት ምንድነው?»

አባትየው ግራ ገባው። ከዚህ በፊት ይህን የጠየቀው ሰው ያለ አይመስልም። ልጅቷ ቤት ውስጥ በነገር ሁሉ እየተሟገተች እንዳስቸገረችው፣ በፈተናው ሰሞን ሐሳቧ ይበተንብኛል ብሎ እንደሚሰጋ ነገራት። ነጥብ አዳመጠችው። ስለ ሙግቱ ምንም ማድረግ እንደማትችል፣ ባሏም እሷን ቤት ውስጥ እንዲሁ እንደሚያደርጋት ስትነግረው ሳቀ። «እስቲ ላስብበት» ብሎ ሄደ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከክበቡ ግማሹ እንኳ አልመጣም። መነጽራሟ ልጅም አልነበረችም። ባሏ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየ ዕጣ ሲያስወጣ፣ ነጥብ ከኋላ ተቀምጣ ወረቀቷን መሃል ለመሃል በመስመር ከፍላ ለሁለቱም ወገን እኩል ቦታ አዘጋጀች። ጥሩ ክርክር አልነበረም። ፍርዷን ስትሰጥ ምክንያቷን አንድ በአንድ አስረዳች፤ የተሸነፈው ልጅ ግን የጠየቃት ነገር የለም፤ እሺ ብሎ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። የዚህ ልጅ ዝምታ ከመነጽራሟ ልጅ ጥያቄ ይልቅ አናደዳት።

ልጅቷ ብቅ ያለችው ከዚያ ወዲህ ባለው በአንዱ ቅዳሜ፣ ክርክሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው። አባቷ ለአንድ ሰዓት ብቻ እንደፈቀደላት፣ እሱም ከውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቃት እንደሆነ ተናግራ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ የትኛው ወገን ሰው እንደጎደለው ጠየቀች።